ሃያ አራትን እምቢ ያለች ዕለት

ከፖተንዛ ከተማ በላይ፣ በተራራው ወገብ ላይ በተሰቀለችው በካስቴልፎስኮ መንደር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለው የድንጋይ ደረጃ በሚያልቅበት ቦታ፣ ሁለት ክፍልና አንዲት በረንዳ ያላት ቤት ነበረች። ሮኮና ሚስቱ ዶናታ ይኖሩባታል። አንድያ ልጃቸው ሚሌና ፋርማሲ ልትማር ናፖሊ ከሄደች ወዲህ ግን አንድ ቁጥርም አብሯቸው ይኖር ጀመር። ጠዋት አብሯቸው ይነሳል፤ ምሳ ላይ አብሯቸው ይቀመጣል፤ እንግዳ ሲመጣ ሳይጠሩት ጨዋታ መሃል ይገባል። የሚሌና አማካይ ውጤት ነበር። ከፍ ሲል ቤቱ ይሞቃል፣ በጥቂት ዝቅ ሲል ሮኮ በረንዳውን ከዳር እስከ ዳር ሲመላለስበት ይውላል።

ሮኮ ሠላሳ አንድ ዓመት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተላላኪ ነበር። ደወል ይደውላል፣ ጠመኔ ያድላል፣ ሮስተር ከክፍል ክፍል ያመላልሳል። ራሱ ከአምስተኛ ክፍል አላለፈም። ሆኖም በየሴሚስተሩ መጨረሻ መምህራኑ የተማሪውን ውጤት ሲደምሩና ለትምህርቱ ብዛት ሲያካፍሉ በር ላይ ቆሞ ያይ ስለነበር፣ አማካይ ማውጣትን ማንም ሳያስተምረው ለመደው። ልጁ ዩኒቨርሲቲ የገባች ሳምንት ባለ ካሬ ደብተር ገዛ። እሷ ፈተና በጨረሰች ቁጥር ትደውላለች፤ እሱ መነጽሩን ሰክቶ፣ እርሳሱን በምላሱ አርሶ፣ ከሠላሳ ያገኘችውን ይጽፋል፣ ይደምራል፣ ለፈተናው ብዛት ያካፍላል። ካልኩሌተር ሲያቀብሉት፣ "እሱ ልጄን የት ያውቃታል?" ይላል።

ምኞቱ አንድ ነበር። ከመምህራኑ አንዱ በአማካይ ሃያ ስምንትና ከዚያ በላይ ይዞ የሚመጣ ተማሪ፣ በመመረቂያ ጽሑፉ ላይ የሚጨመርለት ነጥብ ታክሎበት ሙሉውን መቶ አስር ሊያገኝ እንደሚችል ነግሮት ነበር። ሮኮ ያንን ቀን በዓይነ ሕሊናው ሥሎ ጨርሷል። ዕድሜውን ሙሉ የሌላ ሰው ልጆች ውጤት ሲነበብ በር ይዞ ቆሟል፤ አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ የራሱ ልጅ ስም ከመቶ አስር ጋር ሲጠራ ሊሰማ ፈለገ። ይህ ብዙ ነው? ይህን ያህል ለመመኘት ሰው ምን ያህል መማር አለበት?

ከሥር ያለው ፎቅ ላይ የምትኖረው እህቱ ኤርሲሊያ ትነጅሰው ነበር።

"ሮኮ፣ እኔ ስንት ዓመቴ ነው?"

"ስልሳ ምናምን።"

"የልጅህን ከነጥቡ ከነምናምኑ ታውቃለህ፣ የእህትህን ዕድሜ ግን በምናምን ትጥለዋለህ?"

"አንቺ መቼ ደብተር ገዝተሽ ሰጠሽኝ?"

በአምስተኛው ዓመት መጋቢት ላይ ሮኮ ሆዱን ማመም ጀመረው። መጀመሪያ ባቄላው ነው ተባለ፤ ቀጥሎ ወይኑ ነው ተባለ። ዓይኑ ቢጫ ሲሆን ግን ዶናታ ካፖርቱን አልብሳ ፖተንዛ ሆስፒታል ወሰደችው። ሐኪሙ ወጣት ነበር፤ ሲናገር እስክሪብቶውን ይከፍታል፣ ይዘጋል። በሽታው ቆሽቱ ላይ ነው፤ ለቀዶ ጥገና ጊዜው አልፏል፤ በጋውን፣ ሐምሌ ነሐሴን፣ ሊያይ ይችላል፣ ከዚያ በኋላ ግን... አልጨረሰውም። ዶናታ ያንን ያልተጨረሰ ዐረፍተ ነገር ይዛ አውቶቡስ ውስጥ ገባች። ሮኮ ከጎኗ ተቀምጦ መንገዱን ያያል። ግማሽ መንገድ ላይ ሳይዞር ተናገረ።

"ሚሌና እንዳትሰማ።"

"ልጅህ ናት፣ ሮኮ።"

"ስለዚህ ነዋ። ብትሰማ ነገ ጥላው ትመጣለች። ራስጌዬ ተቀምጣ ሾርባ ታጎርሰኛለች። አምስት ዓመት የለፋችው ለሾርባ ነው? ሦስት ፈተና ቀራት። ሐምሌ ላይ ትመረቃለች። እስከ ሐምሌ አለሁ፣ ሰውዬው በጋውን ታያለህ ብሎኛል።"

ዶናታ የካፖርቱን ቁልፍ ቆለፈችለት። ዝም ማለቷም እሺ ማለት ሆነ። ስንት ቤት ውስጥ እንዲህ ነው የሚደረገው... ክፉውን ወሬ ልጅ እስኪፈተን፣ ሙሽራ እስኪዳር፣ መንገደኛ እስኪገባ መደበቅ! ሁላችንም እንዲያ አድርገናል፤ በፍቅር ነው ያደረግነው። ዶናታም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ሰዓት የሚቆጥርባት ሴት ሆነች፤ አንዱ ወደ ሐምሌ ይሮጣል፣ ሌላው ወዴት እንደሚሮጥ ልትናገረው አትደፍርም። እጇ ሥራ አይዝላትም። የታጠበውን ታጥባለች፤ በረንዳ ወጥታ ለምን እንደወጣች ትረሳለች።

ለፋሲካ ሚሌና ስትመጣ አባቷ ሞቃት ቤት ውስጥ ሁለት ሹራብ ደርቦ ጠበቃት።

"አባዬ፣ ምነው እንዲህ ከሳህ?"

ዶናታ ድስቱን አማሰለች። ቀድማ የመለሰችው ኤርሲሊያ ናት።

"የሠርጉ ሱፍ እንዲገባው ነው። ለምረቃሽ ካልለበስኩት ብሎ ምግብ ቀንሷል፤ እኔ አርጅቶ የሚሽኮረመም ወንድ አላየሁም።"

ሚሌና ሳቀች፤ አባቷም ሳቀ። ዶናታ ሽንኩርት ልታመጣ ብላ ወጣች። ማንም ሽንኩርት አልጠየቀም።

ሚያዝያና ግንቦት ላይ ሁለቱ ፈተናዎች በሠላሳ ሠላሳ አለፉ። ሮኮ እርሳሱን መጨበጥ እያቃተው ጻፈ፤ ሃያ ስምንት ፈተና፣ ድምሩ ሰባት መቶ ሰማንያ ሰባት፣ አማካዩ ሃያ ስምንት ነጥብ አስር። አንድ ቀረ። የመድኃኒት ሕግ የሚባል ትንሽ ትምህርት፤ እሱ ካለፈ ጽሑፉ አልቋል፣ ሐምሌ መጥቷል፣ ነገሩ ሁሉ አበቃ።

ሰኔ ላይ፣ ረፋድ አምስት ሰዓት ገደማ ስልኩ ጮኸ። ሮኮ ከሦስት ቀን ሥቃይ በኋላ መርፌ ተወግቶ ገና እንቅልፍ ወስዶት ነበር። ዶናታ እንዳይነቃ ስልኩን ይዛ በረንዳ ወጣች።

"እማ፣ እኔ ነኝ። ኮሪደር ላይ ነኝ፣ ጮክ አልልም። መምህሩ ሃያ አራት ሰጠኝ።"

"ሃያ አራት?"

"አንድ ጥያቄ ላይ ተደናበርኩ። 'ያሳልፍሻል፤ ትቀበያለሽ ወይስ ትተሽው ሌላ ጊዜ ትፈተኛለሽ?' ብሎኛል። ለቤተሰቤ ልደውል ብዬው ስቆ አምስት ደቂቃ ሰጠኝ። እማ... ልቀበል?"

"ቆይ። ቆይ እስቲ፣ አትዝጊ።"

ዶናታ ደብተሩን ከሮኮ ትራስ ሥር ቀስ አድርጋ ሳበች። ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል ይዛ፣ የበረንዳው ብረት ላይ ተደግፋ፣ ባሏ ሲያደርግ እንዳየችው አደረገች። ሰባት መቶ ሰማንያ ሰባት ሲደመር ሃያ አራት፣ ስምንት መቶ አስራ አንድ። ለሃያ ዘጠኝ። ሁለት ጊዜ አካፈለችው፤ ሁለቱንም ጊዜ ያው ነው፤ ሃያ ሰባት ነጥብ ዘጠና ስድስት። ሃያ ስምንት አይሞላም። አንዲት ነጥብ፣ ሃያ አምስት ቢሆን ኖሮ ልክ ይመጣ ነበር! ወደ ውስጥ አየች። ሮኮ አፉን ከፈት አድርጎ ተኝቷል፤ ጉንጩ ወደ ውስጥ ገብቷል። ብትቀበል ሐምሌ ነው። ባትቀበል መስከረም ትደግማለች፣ ምረቃው ኅዳር ላይ ይሆናል። ኅዳርን ደግሞ ሐኪሙ አልጠራውም። ይህን ሁሉ ታውቃለች፤ ልጅቱ አታውቅም። ታዲያ ምን ያዛት? ባሏ ነቅቶ በገዛ እጁ ሃያ ሰባት ብሎ ሲጽፍ ታያት። ሌላም ነገር መጣባት፣ ለማንም ያልተናገረችው፦ ይህን ሰው እስካሁን ያቆመው መድኃኒቱ ነው ወይስ የሚጠብቀው ቀን? ቀኑ ሐምሌ ላይ መጥቶ ካለፈ፣ ነሐሴን በምን ይጠብቃታል? ቀኑ ቢርቅ ሰውየውም ከቀኑ ጋር ይቆይ ይሆናል... የጭንቅ ሰው ሐሳብ እንዲህ ነው፤ በጭላንጭል ይሾልካል።

"እማ? ሰውዬው በሩን ከፍቶ እያየኝ ነው።"

"አትቀበይ።"

"አትቀበይ?"

"ሃያ ስምንት አይሞላም። አባትሽ ሃያ ሰባትን አይወዳትም። መስከረም ትደግሚዋለሽ፤ ሩቅ አይደለም።"

 ከወዲያ የተማሪዎች ኮቴ ይሰማል።

"እሺ እማ። ደህና ናችሁ ግን?"

"ደህና ነን። ምን እንሆናለን?"

ሮኮ ሲነቃ ነገረችው። ጣሪያውን እያየ ሰማት። "መቼ ትደግመዋለች?" አለ። መስከረም ሲጀምር እንደሆነ ነገረችው። ከብርድ ልብሱ ላይ ጣቶቹ አንድ በአንድ ሲንቀሳቀሱ አየች፤ ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ መስከረም... ከዚያ በኋላ ያሉትን ጣቶች አጠፋቸው። እጇን ይዞ፣ "ደግ አድርገሻል" አላት። ያቺ ቃል! ቢቆጣት፣ ቢሰድባት፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው ቢያዞር ምንኛ በቀለላት።

በጋው ጨካኝ ነበር። ነሐሴ ላይ ሚሌና ሻንጣዋን ይዛ በሩን ስትከፍት ሹራብ የሚሸፍነው ነገር አልቀረም። ደፉ ላይ ቆመች። አባቷን አየች፣ እናቷን አየች፣ አክስቷን አየች። ሦስቱም ዓይናቸውን ሰበሩ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከመጋቢት" አለ ሮኮ። "እናትሽን አትቆጪ፣ እኔ ነኝ።"

"ፋሲካ ላይ አሳቃችሁኝ" አለች ሚሌና ቀስ ብላ። "ቁጭ ብዬ ሳቅኩ።" ሻንጣውን እንደያዘች ተንበርክካ ግንባሯን ባልጋው ጠርዝ ላይ አስደገፈች። እስኪመሽ አልተነሳችም።

ያንን ወር መድኃኒቱን እሷ ሰጠችው፣ ፂሙን እሷ ላጨችው፤ የፈተናውን መጽሐፍ ራስጌው ተቀምጣ አነበበች። ፈተናውን ማፋጠን የሚችል ሰው የለም፤ ቀኑ ቀን ነው። መስከረም ላይ ሄዳ በሠላሳ አለፈች። ሮኮ በሁለት እጁ እርሳሱን ይዞ ሃያ ስምንት ነጥብ አስራ ሰባት ብሎ ጻፈ፤ ሰባቱ ከመስመር ወጣች። ለጎረቤት ሁሉ እንዲነገር አዘዘ። ከዚያ በኋላ ቀናት መቁጠር ጀመረ፤ ግን እየቆጠረ ሳለ ሰውነቱ ቀደመው። ጥቅምት አጋማሽ ላይ፣ ዝናብ በሚያካፋበት ጠዋት፣ ኤርሲሊያ እግሩን እያሸች፣ ሚስቱና ልጁ ግራና ቀኝ ይዘውት ሮኮ አረፈ። ለምረቃው ሠላሳ ስድስት ቀን ቀርቶት ነበር። የሠርጉን ሱፍ ለቀብር አለበሱት፤ ሰፍቶት ስለነበር ከኋላው በመርፌ አጠበቡት።

ኅዳር ላይ ሦስት ጥቁር የለበሱ ሴቶች ናፖሊ ወረዱ። በዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ደጅ ሌሎች ቤተሰቦች አበባና የቅጠል አክሊል ይዘው ይንጫጫሉ፤ አባቶች ክራባታቸውን ያስተካክላሉ። ዶናታ ወደ አባቶቹ ላለማየት የሚሌናን ወረቀቶች ተቀብላ ታገላብጥ ጀመር። ከመካከላቸው ከጽሕፈት ቤቱ የወጣ ዝርዝር ነበር፤ ሃያ ዘጠኙም ፈተናዎች፣ ውጤታቸው፣ ከጎናቸው ሌላ ትንሽ ቁጥር፣ ከሥር አማካዩ። ሃያ ስምንት ነጥብ አርባ ሁለት።

ዶናታ ደነገጠች። የሮኮ አስራ ሰባት ነበር።

"ሚሌና፣ እነዚህ ሰዎች ተሳስተዋል። ጨምረውልሻል። በኋላ ቢደርሱበትስ?"

"አልተሳሳቱም፣ እማ።"

"አባትሽ ሦስት ጊዜ ነው ያካፈለው።"

ሚሌና ወረቀቱን ልትቀበላት እጇን ዘረጋች። "ተይው አሁን። ሊጠሩኝ ነው።"

ዶናታ ወረቀቱን አልሰጠቻትም። ከመጋቢት እስከ ነሐሴ ለዚች ልጅ ውጤት ሲባል ዝም ተብሏል። ዛሬም ቃሏን ውጣ እስኪጠሩ ትጠብቅ?

"ንገሪኝ" አለች። "ብትወድቂም ውደቂ፣ ንገሪኝ።"

ሚሌና አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። "እዚህ ሁሉም ትምህርት እኩል አይደለም። ይቺ ትንሿ ቁጥር ክሬዲቱ ናት። ኬሚስትሪው አስራ ሁለት ነው፣ አስራ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። የመድኃኒት ሕግ ሦስት ብቻ ነው። ውጤቱን በክሬዲቱ ታባዢና ትደምሪያለሽ፣ ከዚያ የምታካፍዪው ለክሬዲቱ ድምር ነው። አባዬ እንደ ሁለተኛ ደረጃው ነበር የሚያካፍለው።"

ዶናታ ከቦርሳዋ እርሳስ አወጣች። ኤርሲሊያ ዝርዝሩን ያዘችላት። በፖስታው ጀርባ ላይ ጥቁር የለበሰች አሮጊት ሴት፣ በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሃል፣ ታሰላ ጀመር። ጠቅላላው ሰባት ሺህ ስድስት መቶ ሰባ ሦስት። የሕጉ ሠላሳ ሃያ አራት ቢሆን፣ ስድስት ይቀነሳል፣ በሦስት ሲባዛ አስራ ስምንት። አስራ ስምንት ብቻ። ሰባት ሺህ ስድስት መቶ ሃምሳ አምስት፣ ለክሬዲቱ ድምር፣ ለሁለት መቶ ሰባ... ሃያ ስምንት ነጥብ ሠላሳ አምስት። ሃያ ስምንት ሞልቶ ይተርፋል። እርሳሷ ቆመ። ልዩነቱ የአንድ ነጥብ ከመቶ ሰባት እጅ ነው፤ ለእሷ ነው አራት ወር የተከፈለው። ሐምሌ ላይ ሮኮ በእግሩ ይሄድ ነበር። ሐምሌ ላይ እዚህ፣ እዚህ አግዳሚ ላይ፣ ሱፉን ለብሶ ክራባቱን ያስተካክል ነበር።

"ታውቂ ነበር?" አለች ዶናታ።

"ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽውም?"

"ስልክ ይዞ ሲያካፍል ድምፁን ትሰሚው አልነበር? እንዴት ብዬ ተሳስተሃል ልበለው? ደግሞ ምንም የማይጎዳ ስህተት ነው ብዬ ነበር።"

"እኔንስ? ካወቅሽ ያን ቀን ለምን ጠየቅሽኝ?"

ሚሌና ፖስታውን ከእናቷ እጅ ወስዳ ገለበጠችው።

"ስለ ቁጥሩ አልነበረም። ደክሞኝ ነበር፣ እማ። 'በቃሽ፣ ተቀብለሽው ቤትሽ ነይ' እንድትይኝ ነበር የፈለግኩት። አንቺ ግን የአባዬን ደብተር አነበብሽልኝ። እኔም ጥቂት ወር ነው፣ ደስ ይበለው ብዬ... የሞት ቀጠሮ እንዳለበት ብትነግሪኝ ኖሮ መቀበል ቀርቶ ማለፊያዋን አሥራ ስምንት ይስጠኝ ብዬ እለምነው ነበር።"

ዶናታ አላለቀሰችም። የልጇን ፊት በሁለት መዳፏ ያዘች።

"ሐምሌን እኔ ነኝ የሸጥኩበት" አለች። "ቀኑን አውቅ ነበር። ቀኑ ካልመጣ እሱም አይሄድም ብዬ... ነፍሱን በቀጠሮ ላስራት ፈልጌ ነበር።"

"አይደለሽም፣ እማ። የፈተናው ወንበር ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። 'አልቀበልም' ያልኩትም እኔ ነኝ።"

"ኧረ እናንተ ሴቶች" አለች ኤርሲሊያ፣ ድምፏ ተሰብሮ፣ "ፋሲካ ላይ በሱፍ የቀለድኩት እኔ ነኝ። በሉ ለሦስት አካፍሉት።"

ያኔ ሦስቱም አለቀሱ፤ እያለቀሱም ሳቁ። በሩ ተከፍቶ የሚሌና ስም ሲጠራ ፊቷ አብጦ ነበር፤ እንደዚያው ገባች። የኮሚቴው ሰብሳቢ ሁሉም ቆመው ሳለ መቶ አስር ከክብር ምስጋና ጋር ብሎ አነበበ። ዶናታ ከጎኗ ያለውን ባዶ ወንበር በእጇ ይዛ ነበር፤ ሌላ ሰው እንዳይቀመጥበት።

ይህን ቤት ያፈረሰ ጠላት አልነበረም። ክፉ ሰው ቢኖርበት ኖሮ ቢያንስ የሚረገም ይገኝ ነበር። አባት ልጁን ሊያተርፍ በሽታውን ደበቀ፤ ልጅ አባቷን ላለማሳዘን ስህተቱን ደበቀች፤ ሁለቱ የተደበቁ ነገሮች ሰኔ ላይ በአንድ ስልክ ተገናኝተው አራት ወር በሉ። ዕጣ ፈንታ የምንለው አንዳንዴ ከሰማይ የሚወርድ አይመስለኝም። በገዛ ቤታችን፣ በምንዋደድ ሰዎች ዝምታ ውስጥ ያድጋል፤ ስናየው ጢም አውጥቷል።

አውቶቡሱ ካስቴልፎስኮ አደባባይ ሲያወርዳቸው ጀምበር ገና አልጠለቀችም። ፀጉር አስተካካዩ ፎጣውን በትከሻው ጥሎ ከደጁ ጠራ።

"ዶናታ፣ እንኳን ደስ ያለሽ! ስንት መጣ?"

ኤርሲሊያ ልትመልስ አፏን ከፈተች። ዶናታ ክንዷን ጨበጥ አደረገቻት።

"ጨርሳለች" አለች።

"እሱማ ሰምተናል። ስንት ነው?"

"ጨርሳለች አልኩህ እኮ። አሁን ደክሟታል፤ ገብታ ትተኛ።"

የልጇን ሻንጣ ከእጇ ወሰደችና ደረጃውን ቀድማት መውጣት ጀመረች።